ውሃው የነበረው ፍሬን ዘይቱ ውስጥ ነው

የመስቀል ሰሞን ነው። ኮምቦልቻ ያለ የአንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች አባዱላ ተከራይተው ጢስ ዓባይን ሊያዩ ወጡ። ወቅቱን አልሳቱም። በጋ ላይ ወንዙ ይቀንሳል፣ ከፏፏቴው በላይ ወደ ኃይል ማመንጫ የሚጠለፍ ውሃም አለ፤ ያ ስም ያወጣለት ጢስ ደምቆ የሚታየው ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ነው።

መንገዱ በደሴ፣ በወልዲያና በጋሸና አድርጎ ባሕር ዳር ድረስ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ፏፏቴው ደግሞ ከዚያ 30 ያህል ይርቃል። ሲመለሱ ደሴ ላይ መሸ። ማደር ነበረባቸው፤ ግን የቀረችው የሐረጎ ቁልቁለት ብቻ ናት፣ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ። በዚህች ርቀት መንገዱ ከ2,500 ሜትር አካባቢ ወደ 1,850 ይወርዳል።

ግማሽ መንገድ ላይ ረዳቱ «ጋሼ፣ የተቃጠለ ነገር ይሸተኛል» አለ። «የፊተኛው መኪና ነው» አለ ሹፌሩ። ሁለት ጥምዝ ሳያልፉ የፍሬኑ ፔዳል ወለል ነካ።

ሹፌሩ ከዚያ በኋላ ያደረገው ሁሉ ልክ ነበር። ፔዳሉን ቶሎ ቶሎ ረገጠ፣ ማርሹን አንድ በአንድ አወረደ፣ የእጅ ፍሬኑን ቀስ በቀስ ሳበ (በገመድ ስለሚሠራ ፍሬን ዘይቱ ቢፈላም ይይዛል)፣ ወደ ተራራው ጥግ አስጠግቶ አቆመ። ሰው አልተጎዳም። ረዳቱ የጋለው የፍሬን ታምቡር ላይ ውሃ ሊያፈስ ጀሪካን ሲያነሳ ከለከለው፤ የጋለ ብረት በቀዝቃዛ ውሃ ይሰነጠቃል።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ፔዳሉ እንደ ድሮው ጠነከረ። ብዙ ሹፌር የሚታለለው እዚህ ላይ ነው፤ «ተሻለው» ብሎ ይነሳል። ዘይቱ ቀዝቅዞ እንፋሎቱ ተመልሶ ውሃ ሆነ እንጂ የዳነ ነገር የለም።

በማግስቱ ጋራዥ ሲፈተሽ የፍሬን ሸራው ወፍራም ነው፣ የሚያፈስ ቦታም የለም። ዘይቱ ግን ቡና መስሏል። ፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሆኖ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ 4 በመቶ እንኳን የማይሞላ ውሃ ከገባበት 140 ላይ ይፈላል። እንፋሎት ደግሞ ይታመቃል፣ ስለዚህ እግር የሚገፋው ጎማው ጋ አይደርስም። ሸራው ራሱ ግሎ ቢሆን ኖሮ ፔዳሉ ጠንካራ እንደሆነ መኪናው አልቆም ይላል፤ ልዩነቱን እግር ያውቀዋል።

ዘይቱ በየሁለት ዓመቱ ይቀየራል፣ ለእንዲህ ዓይነት መኪና 1 ሊትር ገደማ ይበቃል። አየር ሲወጣ ከሩቁ ጎማ ይጀመራል፦ ከኋላ ቀኝ፣ ቀጥሎ ከኋላ ግራ፣ ከዚያ የፊቶቹ። አንዱ ረግጦ ሲይዝ ሌላው የአየር ማስወጫ ቡሎኗን ይከፍታል፣ እግር ሳይነሳ ይዘጋል። ሳትዘጋ እግር ከተነሳ አየሩ ተመልሶ ይገባል።

ዘይቱ ብቻውን ግን እንዲህ አይፈላም። አባዱላዋ ሐረጎን ወደ ደሴ ስትወጣ በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ ነው የምትታገለው። ያን ምሽት የወረደችው በአራተኛ ነበር፤ ሞተሩ ስላልያዛት ሸክሙ ሁሉ ፍሬኑ ላይ ወደቀ።