ቀረጡ አይደለም ጉዱ፣ ሶኬቱ ነው

ኤሌክትሪክ መኪና ልትገዙ ካሰባችሁ፣ ስለ ቀረጥ ከመጠየቃችሁ በፊት የምትኖሩበትን ግቢ ዞር ዞር ብላችሁ እዩ። እኔን ይህን የነገረኝ ሰው የለም። ሁሉም የሚያወራልኝ ስለ ቀረጡ ነበር።

ግዢው ራሱ ቀላል ነው። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያረጀ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ጫነ። በ2016 መንግሥት በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ከለከለ፤ ነዳጅ ዶላሩን እየበላብን ነው ብሎ። እኔ ስገዛ ኤሌክትሪክ መኪና ከኤክሳይዝ፣ ከሱር ታክስ (በገቢ ዕቃ ላይ ከሚታከለው ታክስ) እና ከቫት ነፃ ነበር። ተገጣጥሞ ለሚገባ የሚከፈለው 15 በመቶ ጉምሩክ ቀረጥ ነበር። ታክሱ የቀነሰውን ያህል ግን ዋጋው ወርዷል እንዳትሉ። ከእፎይታው ወፈር ያለው ድርሻ ሻጮቹ ኪስ የገባ ነው የሚመስለኝ። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቆ ብር ከመርከሱ በፊት ገዝቼ መገላገሌ ግን ዛሬም ያኮራኛል።

የነዳጁም ሒሳብ ግልጽ ነው። የነዳጅ ድጎማው መነሳት በጀመረበት በ2014 ክረምት ቤንዚን በሊትር 47 ብር ከ83 ሳንቲም ገባ። በታኅሣሥ 2017 መጨረሻ 101 ብር ከ47 ሆነ። መብራት ደግሞ እኔ መኪናዋን ስገዛ፣ በወር ከ500 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ለሚፈጅ ቤት እንኳ አንዱ ኪሎዋት ሰዓት 2 ብር ከ48 ገደማ ነበር። በዚህ ማን ያመነታል?

እንግዲህ የምኖረው ኮንዶሚኒየም ነው፣ ሦስተኛ ፎቅ። ካርድ ቆጣሪዬ ከብሎኩ መግቢያ፣ መኪናዬ ከውሃ ታንከሩ ጎን። ሻጩን «የት ነው ቻርጅ የማደርገው?» ስለው፣ «ኧረ ቤትህ ሶኬት የለም እንዴ?» ብሎ ስቆብኛል። ሶኬትማ አለ። ሶኬቱ ሦስተኛ ፎቅ፣ መኪናው መሬት ላይ ነው እንጂ።

ለነዋሪዎቹ ኮሚቴ አመለከትኩ። ከራሴ ቆጣሪ፣ በራሴ ወጪ፣ ገመድ በቱቦ ቀብሬ እስከ ማቆሚያዬ ልውሰድ ነው ያልኩት። በቃ ይኸው ነው። ሰብሳቢው ደብዳቤዬን አጥፎ ኪሱ ከተተና «እናየዋለን» አለ። ሲያየው ሲያየው ክረምቱ ገባ። አንዴ ማኅተሙ ጸሐፊው ጋ ነው፣ ሌላ ጊዜ ጸሐፊው ክፍለ ሀገር ነው። ከወረዳ ፈቃድ አምጣ ተባልኩ። ወረዳ ስሄድ ደግሞ ይህ የኮሚቴያችሁ ጉዳይ ነው አሉኝ። እስከዚያው በኤክስቴንሽን በመስኮት አውርጄ ልሞክር ስል የጥበቃው ሰውዬ ሶኬቱን ነቀለው። እውነቱን ለመናገር ልክ ነበር። እናንተም በመስኮት እንዳታወርዱ፤ ዝናብ አለ፣ ሕፃናት አሉ።

በመጨረሻ አንድ እሑድ ስብሰባ ተጠራ። አንዱ ትራንስፎርመሩ ይፈነዳል አለ። ሌላው የውሃ ፓምፑ ይቆማል አለ። በራሴ ካርድ እንደምሞላ ብነግራቸው የሚሰማኝ ጠፋ። ከልብስ ማጠቢያ ማሽን ብዙም የማይበልጥ፣ ሁለት ኪሎዋት ገደማ እንደሚስብ አስረዳሁ። ሰብሳቢው «መንግሥት ለሀብታም ቀረጥ ቀነሰ ተብሎ እኛ በጨለማ አንቀመጥም» ሲል ተጨበጨበለት። የምድር ቤቷ እማማ ናቸው ያተረፉኝ። «እኔ በምጣድ እንጀራ ስጋግር ማን ስብሰባ ጠራብኝ? የሱ ገመድ ከኔ ምጣድ ይብሳል? ተዉት ልጄን፣ ይቅበር!» አሉ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሦስት ኪሎዋት በላይ እንደሚስብ እሳቸው በቁጥር አያውቁትም፤ ነገሩን ግን ከሁላችንም በላይ ገብቷቸዋል። ፈቀዱልኝ። ፈቅደውም «ለኤሌክትሪክ መኪና» ብለው የማቆሚያ ክፍያዬን እጥፍ አደረጉት። እስከ ዛሬ እከፍላለሁ፣ እስከ ዛሬ ያበግነኛል።

ሰብሳቢው ግን ሙሉ በሙሉ ተሳስቷል ማለት አልችልም። የቀረጥ እፎይታው የደረሰው አዲስ መኪና የሚገዛ ሰው ጋ ነው። አሮጌ ቪትዙን ይዞ የቀረው ጎረቤቴ ቤንዚኑን በየጊዜው በሚጨምር ዋጋ ይቀዳል። ድጎማው በቴሌብር የቀጠለው ለሕዝብ ማመላለሻ እንጂ ለእሱ አልነበረም። ግቢ ያለው ሰው ማታ ሰክቶ ይተኛል። በፎቅ የምንኖር ግን በየኮሚቴው ደጅ እንጠናለን። ቀረጥ ለመቀነስ አንድ መመሪያ በቂ ነው። አዲስ የሚሠራ ኮንዶሚኒየም ማቆሚያው ድረስ መስመር ይዘርጋ የሚል መመሪያ ማውጣት ምን ይከብዳል?

ምክሬ ይኸው። የማቆሚያው ፈቃድ በማኅተም እጃችሁ ሳይገባ ቀብድ አትክፈሉ። ሻጭ ሦስት ፌዝ (ከተራው የቤት መስመር የበለጠ ኃይል የሚሸከም መስመር) ካላስገባህ አይሆንም ቢላችሁ አትስሙት። በቀን 40 እና 50 ኪሎሜትር ለሚነዳ ሰው ተራው መስመር ሌሊቱን ሙሉ ሲሞላ ይበቃዋል። ባዶ የሆነ 60 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ በዚያ ለመሙላት ከአንድ ቀን በላይ ይፈጃል፣ ግን ማን ነው ባዶ እስኪሆን የሚጠብቀው? ወፍራም ሽቦ፣ የራሱ ብሬከርና ትክክለኛ ኧርዝ (ወደ መሬት የሚወርድ የደህንነት ሽቦ) ላይ ግን አትቆጥቡ። የመብራት ታሪፉ ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሦስት ወሩ እየጨመረ ስለሆነ፣ ሒሳባችሁን በድሮው ዋጋ አትሥሩ።

ሰብሳቢው ባለፈው መጥቶ ቱቦው ውስጥ ለሌላ ገመድ ቦታ ይኖር እንደሆነ ጠየቀኝ። በጽሑፍ አመልክት አልኩት።