የማይተኛው ሐረግ

ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ እንደከበደ ነው። እንቅልፍ እንቅልፍ የሚል ቀን። ዝናቡ ሲያካፋ እያየሁ፣ የዝዋይ ወይን መቼ ነው የሚተኛው የሚል ሐሳብ መጣብኝ።

ወይን ውርጭ ለምዶ የኖረ ተክል ነው። ብርዱ ሲመጣ ቅጠሉን ያራግፋል፣ ስንቁን በግንዱና በሥሩ ይቋጥራል፤ ሲሞቅ እንቡጦቹ በአንድ ሰሞን ይፈነዳሉ። ባቱ (ዝዋይ ማለቱ አይለቀኝም) ከ1,600 ሜትር በላይ ብትሆንም እንዲህ ያለ ውርጭ የላትም። የእኛ ክረምት ያረሰርሳል እንጂ አያስተኛም። ሲራና መርሎ የሚባሉት የወይን ዝርያዎችም ቢሆኑ፣ ዝም ከተባለ ዓመቱን ሙሉ ያድጋል። ጫፍ ላይ ያሉት እንቡጦች ቀድመው ይወጡና የታችኞቹን ያፍናሉ። አበባ፣ ጥሬና የበሰለ ዘለላ አንድ ሐረግ ላይ ይንጠለጠላል፤ ከዚያ ደህና ወይን ጠጅ አይጠመቅም።

ስለዚህ የሚያስተኛው መቀስ ነው። ውኃው ይቀነሳል፣ ቅርንጫፉ ሁለት እንቡጥ ያህል እየተተወለት ይገረዛል። በሙቅ አገር ብዙ እርሻዎች ከግረዛው በኋላ ባሉት አንድ ሁለት ቀናት እንቡጡ ላይ ሃይድሮጅን ሲያናማይድ የሚባል ኬሚካል ይቀባሉ፤ እኩል እንዲነቃ። መርዝ ነው። የነካው ሰው አልኮል ከቀመሰ ፊቱ ይቀላል፣ ልቡ ይመታል፣ ያስመልሰዋል። ወይን የሚያበቅለው ሰው በዚያ ሰሞን ወይን አይቀምስም ማለት ነው። ይህ ሁልጊዜ ይከነክነኛል።

ከግረዛ እስከ ለቀማ ከአራት እስከ አምስት ወር ነው። ቀኑ ከተሳተ የበሰለው ፍሬ ዝናብ ላይ ይወድቃል፦ ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ቆዳው ይሰነጠቃል፣ ሻጋታ ይገባበታል። በመስከረም መጨረሻ የተገረዘ ግን ጥርና የካቲት ላይ፣ በፀሐይ ይደርሳል። ያን ጊዜ ደግሞ ሙቀቱ አለ። ስኳሩ ሲሮጥ አሲዱ ይቃጠላል፤ የጭማቂው ፒኤች (አሲዱ ሲያንስ ከፍ የሚለው ልኬት) 3.8 ካለፈ ወይኑ አፍ ላይ ይሞታል፣ ባክቴሪያም ይደፍረዋል። ዝዋይን የሚያድናት የከፍታው የሌሊት ቅዝቃዜ ነው፤ ሌሊቱ ሲበርድ አሲዱ ቀስ ብሎ ነው የሚያልቀው። ለቀማው በማለዳ ቢሆን የሚመረጠውም ለዚሁ ነው። የሞቀ ፍሬ ታንክ ከገባ ፍላቱ ቶሎ ይግላል፤ ወደ 35 ዲግሪ ሲጠጋ እርሾው ይዳከምና ፍላቱ ስኳሩ ሳያልቅ ይቆማል።

ሕንዶች ናሺክ ላይ በዓመት ሁለቴ ገርዘው አንዴ ብቻ ይለቅማሉ፤ የመጀመሪያው ግረዛ ሐረጉ ስንቅ እንዲይዝ ነው። ሁለቴ ማስለቀም የሚቻልበት ቦታ ላይ አንዱን መተው ትልቅ ትዕግሥት ይጠይቃል። ለእኔ ግን ትክክሉ እሱ ነው።

የዝዋይ ወይን ጠጅ ለገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። በብርድ አገር ሐምሳ ዓመት ያለፈው ሐረግ እያረፈ ያፈራል። በመቀስ ብቻ የሚተኛውስ በስንት ዓመቱ ይደክም ይሆን?