የባዝ ብርድ

ከለንደን ፓዲንግተን እስከ ባዝ በባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ቲኬቱን በዕለቱ በመቁረጤ የከፈልኩትን ለእናቴ አልነግራትም። መንገዱ አረንጓዴ ነው፤ ዝናብ ነው፤ በቃ።

ያረፍኩበት የእንግዳ ማረፊያ ማሞቂያው ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ይጠፋል። የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝና ብርድ አያስፈራኝም ብዬ ነበር። የእኛ ብርድ ግን ጋቢ ሲያይ ይመለሳል፤ የባዙ እርጥብ ነው፣ አብሮ ይተኛል። ተጨማሪ ብርድ ልብስ ጠየቅኩ። ባለቤትየዋ ፈገግ ብላ አመጣችልኝ፣ ጠዋት ደግሞ ፈገግ ብላ አምስት ፓውንድ ሒሳብ ላይ ደመረችው። በእኛ አገር እንግዳን ለብርድ ልብስ ያስከፈለ ሰው ሰፈር ይቀይራል።

የመጣሁት ፌርፊልድን ለማየት ነው፤ ጃንሆይ ከ1928 እስከ 1932 ዓ.ም. በስደት የኖሩበትን ቤት። ከከተማው መሀል በአውቶቡስ ይደረሳል። የጠበቅኩት ቤተ መንግሥት ቢጤ ነበር፤ ያገኘሁት ሰፋ ያለ የድንጋይ ቤት ነው፣ ያውም በጣሊያን የቪላ ዘይቤ የተሠራ። ከጣሊያን ሸሽቶ ጣሊያን ቤት! ብቻዬን ሳቅሁ።

ጃንሆይ እዚህ ገንዘብ አጥሯቸው የብር ዕቃ እስከ መሸጥ ደርሰዋል። ኬብል ኤንድ ዋየርለስ የተባለው የቴሌግራም ኩባንያ ለኢትዮጵያ መንግሥት ከ10 ሺህ ፓውንድ በላይ ዕዳ ነበረበትና ለንደን ላይ ከሰሱት። ሐምሌ 1930 ዓ.ም. ፍርድ ቤቱ ፈረደላቸው። ኩባንያው ይግባኝ አለ። ይግባኙ ሳይቋጭ፣ ሙሶሊኒን ከሂትለር ሊያርቅ ይደክም የነበረው የእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር የቼምበርሌን መንግሥት ኅዳር 7 ቀን 1931 ዓ.ም. የጣሊያንን ንጉሥ የኢትዮጵያ ሕጋዊ ንጉሠ ነገሥት ብሎ ዕውቅና ሰጠ። በሃያኛው ቀን የይግባኙ ችሎት ፍርዱን ገለበጠው፤ ገንዘቡን የመጠየቅ መብት ከአሁን በኋላ የሮሙ ንጉሥ ነው ተባለ። ዳኞቹን አልወቅስም፤ ሕጉ ያላቸውን አሉ። እኔን የሚያንገበግበኝ ቀኑ ነው።

ዕውቅናው የተሰጠው ከደብረ ሊባኖስ ጭፍጨፋ በኋላ፣ ገና ዓመት ከመንፈቅ ሳይርቅ ነው። የየካቲት 12ቱን ትቼ ማለቴ ነው፤ እሱን በእኛ በኩል 30 ሺህ ሰው ብለን እንቆጥረዋለን። ግራዚያኒ ግንቦት 1929 ዓ.ም. 297 መነኮሳት ማስረሸኑን ራሱ ለሮም በቴሌግራም አስታውቋል። ዲያቆናቱን ደግሞ ወደ እኛ ወደ ደብረ ብርሃን አምጥተው ረሸኗቸው፤ እሱ 129 ናቸው ብሏል። የአያቴ ታላቅ ወንድም ለግንቦት ተክለ ሃይማኖት ወርዶ ቀረ። አያቴ እስክትሞት ድረስ በየዓመቱ በዚያ ቀን ከጠላው አንድ ዋንጫ ቀድታ ሳይጠጣ ታሳድረው ነበር። ከቁጥሩ ውስጥ ይኑር አይኑር የነገራት የለም።

ይህን እያሰብኩ ደረጃው ላይ ቆሜ ነው አንዲት አሮጊት ያገኙኝ፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ እንግሊዝ የኖሩ የጃማይካ ተወላጅ። ጃንሆይ በ1950 ዓ.ም. ቤቱን ለአረጋውያን አገልግሎት እንዲውል ለከተማው ስለሰጡ፣ እሳቸውም እዚህ እየመጡ ምሳ ይበላሉ። ከየት እንደመጣሁ ሲሰሙ እጄን ያዙ፤ «በረዶ ሆነሃል፣ ልጄ» ብለው ጎትተው አስገቡኝና ሁለቱንም መዳፌን ማሞቂያው ላይ አስቀመጡልኝ። ሻይ፣ ሁለት ስኳር። ልክፈል ስላቸው ተቆጡ። «በቤታችሁ ገብተህ?» አሉኝ። ምን እንደምመልስ ጠፋኝ፤ ብስኩቱን በላሁ።

ስለ ባዝ የሮማውያን መታጠቢያ የምትጠይቁኝ ካላችሁ፣ አልገባሁም። ሰልፉ ረዥም ነበር፤ ሮማውያንንም ለዚያን ቀን በቅቶኝ ነበር።

ማታ ማረፊያው ስመለስ ተጨማሪው ብርድ ልብስ ከአልጋው ላይ ተነስቷል። አልጠየቅኩም። ካፖርቴን እንደለበስኩ ተኛሁ።