ደሴ ላይ ውሃ ሲፈላ

ደሴ ውስጥ በአንድ ቤተ ሙከራ ሥራ በጀመርኩበት ዓመት የተሰጠኝ ኃላፊነት ቀላል ይመስል ነበር፤ የመርሳት ችግር ካለባቸውና ከሌለባቸው አረጋውያን ደም በወጣ ዲኤንኤ ላይ አፖኢ የተባለውን ዘረመል በፒሲአር (ዲኤንኤን እያሞቀና እያቀዘቀዘ በሚያባዛ ዘዴ) ማባዛትና የእያንዳንዱን ሰው ዓይነት መለየት። ይህ ዘረመል በ19ኛው ክሮሞዞም ላይ የሚገኝ ሲሆን ኢ2፣ ኢ3 እና ኢ4 የሚባሉ ሦስት የታወቁ ዓይነቶች አሉት። ኢ4 ለአልዛይመር ሕመም ተጋላጭነትን እንደሚጨምር እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ ይታወቃል፤ ሕመሙን ግን በእርግጠኝነት አያመጣም።

በምንከተለው ዘዴ 244 የዲኤንኤ ፊደል የሚረዝም ቁራጭ ከተባዛ በኋላ፣ ጂሲጂሲ የሚል ቅደም ተከተል ባገኘበት ቦታ ሁሉ የሚቆርጥ ሃሃ ዋን የተባለ ኤንዛይም ይጨመርበታል፤ ቁርጥራጮቹም አጋሮዝ ከተባለ ዱቄት ተፈልቶ በሚረጋ ጄል ውስጥ በኤሌክትሪክ ኃይል እየተጓዙ በርዝመታቸው ይለያያሉ። ኢ3 ብቻ ያለው ሰው 91፣ 48 እና 35 ፊደል የሚረዝሙ መስመሮችን ያሳያል፤ ኢ4 ሲኖር ደግሞ 72 የሚረዝም መስመር ይመጣል። ፍርዳችን ሁሉ የቆመው በ91 እና በ72 መካከል ባለው የ19 ፊደል ልዩነት ላይ ስለነበር፣ ጄሉን 4 በመቶ አጋሮዝ አድርገን እናወፍረው ነበር።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ግን በአልትራቫዮሌት መብራት ሥር የማየው ጥርት ያለ መስመር ሳይሆን እንደ ጭስ የተበተነ ጥላ ነበር። ያልተቆረጠው የፒሲአር ውጤት 2 በመቶ በሆነ ጄል ላይ ጥርት ብሎ ስለሚታይ ጥፋቱን በኤንዛይሙ ላይ ጣልኩ፤ አዲስ ኤንዛይም አስመጣሁ፣ የመቁረጫውን ሰዓት አስረዘምኩ፣ ይባስ ብዬም አንዱን ባልደረባዬን «ማታ ከማቀዝቀዣ አውጥተህ የረሳኸው አንተ ነህ» እስከማለት ደረስኩ። አንዱን ናሙና መዝገቤ ላይ «ኢ3/ኢ4» (ከአንዱ ወላጅ ኢ3፣ ከሌላው ኢ4 የወረሰ) ብዬ ጽፌ አጠገቡ የጥያቄ ምልክት አኖርኩ።

የመስታወት ዕቃ የሚያጥቡልን እትዬ አንድ ጠዋት ጄል የማቀልጥበትን ፍላስክ ይዘው መጡ።

«ልጄ፣ ይኼ ምንድን ነው? እንደ ገንፎ ጓል ታች ተጣብቆ በብሩሽ እንኳ አልለቅ አለኝ።»

«በደንብ አፍልቼዋለሁ እኮ፣ እትዬ» አልኳቸው።

«ደሴ ላይ መፍላቱማ ቶሎ ነው፤ መብሰሉ ነው የሚቆየው። ኮምቦልቻ ልጄ ዘንድ ስከርም ሽምብራው ሳላስበው ይበስላል፤ እዚህ ግን ማገዶ ይፈጃል።»

ፍላስኩን ተቀብዬ ወደ መስኮቱ ብርሃን ሳነሣው ብርሃን የሚያሳልፉ፣ ሳይቀልጡ የቀሩ ጥቃቅን የአጋሮዝ እንክብሎች ታዩኝ፤ መስመሮቹን የሚያደበዝዙት እነሱ ነበሩ። የሚፈላ ውሃ ውስጥ ቴርሞሜትር ስነክር 92 ዲግሪ አካባቢ ቆመ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት አነስተኛ ነው፤ ውሃው 100 ሳይደርስ ይፈላል። የተለመደው አጋሮዝ የሚቀልጠው ከ85 እስከ 95 ዲግሪ አካባቢ በመሆኑ፣ «ፈልቶ ሲጠራ አውጣ» የሚለው መመሪያ ለስስ ጄል ቢበቃም ለ4 በመቶ አይበቃም። ፒሲአሩ ራሱ ያልተጎዳው ቱቦዎቹ ተዘግተው፣ በሞቀ ክዳን ተጭነው ስለሚሞቁ 95 ዲግሪ መድረስ ስለማይከለከሉ ነው፤ እኔም ኤንዛይሙን እንጂ ጄሉ የሚፈላበትን ምድጃ መጠርጠር አልመጣልኝም።

ከዚያ በኋላ የአጋሮዙን ዱቄት በቀዝቃዛ ባፈር (ጄሉ በሚሠራበት የጨው ውህድ) ውስጥ ግማሽ ሰዓት መዘፍዘፍ ጀመርኩ። ማይክሮዌቩን በአጭር በአጭሩ እያስነሣሁ በየመሐሉ ፍላስኩን አሽከረክራለሁ፤ ከማሞቄ በፊትና በኋላም እየመዘንኩ በእንፋሎት የጎደለውን ያህል የሞቀ የተጣራ ውሃ እመልሳለሁ፤ ይህ ካልተደረገ ጄሉ ሳይታወቅ 4 በመቶን አልፎ ይሄዳል። በጣም ግትር ያለውን ደግሞ ክዳኑን ሳላጠብቅ አውቶክሌቭ በተባለው የእንፋሎት ማሞቂያ ውስጥ አስገባዋለሁ፤ ግፊት ስላለበት 121 ዲግሪ ይደርሳል።

በአዲሱ ጄል የጥያቄ ምልክት የነበረበት ናሙና ሲታይ፣ 91 ላይ አንድ ቀጭን መስመር አለ፤ 72 ላይ ምንም የለም። ቀድሞ 72 የመሰለኝ የ91 ጥላ ነበር። መዝገቡን «ኢ3/ኢ3» ብዬ አስተካከልኩና ባልደረባዬን ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ፤ እሱም ሻይ ካልጋበዝከኝ አልቀበልም አለ። እትዬ እስካሁን ፍላስኩን ከማጠባቸው በፊት ወደ መስኮቱ አንሥተው ያዩታል።