ከማሽላው ጆንያ ሥር ያገኘኋቸው ባለ ትልቅ ራሶች

ኮምቦልቻ እናቴ ቤት፣ ማጀት ውስጥ ስላየሁት ጉንዳን ነግሬያችሁ ነበር። ሦስት ሳምንት ተከታተልኩት። መጀመሪያ «ሁለት ዓይነት ናቸው» ያልኳችሁ ስህተት ነበር።

ሰልፉ የሚነሳው ከማሽላው ጆንያ ሥር ነው። አብዛኞቹ ደቃቅና ቡናማ ናቸው፣ 2 ሚሊሜትር ገደማ። በመሃላቸው ግን አልፎ አልፎ ራሱ ሊጥለው የደረሰ የሚመስል አንድ ግዙፍ ብቅ ይላል። ሁለት ዓይነት ጉንዳን ነው ብዬ ነበር። አንድ ምሽት የሞተ በረሮ አኖርኩላቸው። ትንንሾቹ ከበው ጎተቱ። አልሆን ሲላቸው ባለ ትልቅ ራሶቹ መጡና በመንጋጋቸው ይቆራርጡት ጀመር። ለካ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው!

ቀጥሎ ካምፖኖተስ ከሚባለው የጉንዳን ጂነስ (የተቀራራቢ ዝርያዎች ቡድን) ናቸው አልኩ። የካምፖኖተስ ሠራተኞችም መጠናቸው ይለያያላ። የተሸወድኩት እዚህ ጋ ነው። ካምፖኖተስ ከትንሽ እስከ ትልቅ በየደረጃው አለው። የኔዎቹ ግን ወይ ደቃቅ ናቸው ወይ ግዙፍ፤ መካከለኛ የሚባል አላየሁም።

ቁርጡ የታወቀው ወገባቸው ላይ ነው። ከሁለቱም በብልቃጥ ይዤ ለጥቂት ደቂቃ ፍሪጅ ውስጥ ከተትኳቸው። ሲበርዳቸው ይፈዛሉ፣ መሮጥ ያቆማሉ። (እናቴ ብልቃጡን ከቲማቲሙ አጠገብ ስታገኘው ያለችኝን አልጽፈውም።) ነጭ ሰሃን ላይ ገልብጬ፣ ስልኬ ላይ ማጉያ ሌንስ ገጥሜ ከጎን አነሳኋቸው። ከደረትና ከሆድ መሃል ሁለት ጉብታ አለ። ካምፖኖተስ አንድ ብቻ ስላለው ግምቴ ወደቀ። አንቴናውን ቆጠርኩ፦ 12 ክፍል፣ የመጨረሻዎቹ 3 እንደ ቆመጥ ወፈር ያሉ። በዚህ ላይ ያ ራስ ሲጨመር ፌይዶሌ የሚባለው ሌላ ጂነስ ከመሆን አያመልጡም።

ከጂነሱ አልፌ ዝርያ ለመጥራት ግን አልደፈርኩም። በዓለም ላይ ከ1,000 በላይ የፌይዶሌ ዝርያ አለ፤ በስልክ ፎቶ የሚሞከር አይደለም።

እናቴ «አንተ ልጅ፣ ጉንዳን ጉንዳን ነው! ነጭ ጋዝ አርከፍክፍበትና አቦሉ ሳይቀዘቅዝ ና» አለችኝ። ጋዙን ትቼ ጆንያውን ከግድግዳው አራቅኩት፣ የተበተነውን ማሽላ ለቀምኩ። ሰልፉ ሳስቷል።

አሁን የምጠብቀው አሸኑን ነው። ዝናቡ ጥሎ መብራት ላይ ሲፈላ ክንፉን እዩ፦ አራቱም እኩል ከሆኑ ምስጥ ነው፣ የፊተኞቹ ከረዘሙ ጉንዳን። ብልቃጦቼን አጥቤ ደርድሬያለሁ፤ ፍሪጁ ግን ተከልክሏል።