አንዲት የዛገች ብሎን

ጠዋት ማኒፎልድ የሚባለውን የሞተር ቧንቧ ላወርድ የመኪናዬን ኮፈን ስከፍት «ሁለት ሰዓት ይበቃኛል» ብዬ ነበር። ሂሂ! የኔ አሮጌ ኮሮላ ሞተር 4ኬ ነው፤ የአየር ማስገቢያውና የጭስ ማውጫው ማኒፎልድ ባንድ ጎን ተጣብቀው፣ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) እንኳ ይጋራሉ። አንዱን ስትነካ ሌላውም ይወርዳል።

ከዚያ የመጨረሻዋ ብሎን እምቢ አለች። የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ፣ ዝገቱ እንጀራ መስሏል። ዘይት ጠብ አደረግሁ፣ ጠበቅሁ፣ ለመንኳት። ቀጭ! ግማሿ እዚያው ቀረች። ጫፏን በፒንሳ ይዤ እያወዛወዝኩ ሳወጣት ፀሐይ ዘቅዝቃለች።

አዲሶቹን ብሎኖች ስገጥም ጎረቤታችን ጋሼ በአጥር ላይ ብቅ አሉ። «ከመሃል ወደ ዳር አጥብቅ ልጄ፣ አለዚያ ይተነፍስብሃል።» እንዳሉት አደረግሁ።

ሞተሩ ሲነሳ እማዬ ረከቦቱ ጋ ሆና ጮኸች፦ «ኧረ ይሄ መኪና ነው ሄሊኮፕተር?»