ሦስት ዓምድ ያልበቃው ሠንጠረዥ

ተማሪ ሳለሁ ለፈተና ስዘጋጅ የፌሚኒዝምን (የሴቶች የእኩልነት ትግልን) ታሪክ፣ «ሞገድ» በሚባሉ ሦስት ዘመናት ስለሚከፈል፣ ባለ ሦስት ዓምድ ሠንጠረዥ አድርጌ በደብተሬ ላይ አስፍሬው ነበር። በመጀመሪያው ዓምድ ሥር «የመምረጥ መብት»፣ በሁለተኛው ሥር «ሥራ፣ ደመወዝ፣ ወሊድ»፣ በሦስተኛው ሥር ደግሞ «ማንነትና የግል ምርጫ» ብዬ ጻፍኩና ዓመታቱን ሸምድጄ ገባሁ፤ ውጤቴም ደህና ነበር። ሦስተኛው ሞገድ ከቀደሙት ሁለቱ የሚለየው «የትኛዋ ሴት?» ብሎ በመጠየቁ መሆኑ የገባኝ ግን ከፈተናው ብዙ ቆይቶ ነው። በነገራችን ላይ ብዙዎች የእንግሊዝኛውን «ዌቭ» «ማዕበል» ብለው ይተረጉሙታል፤ ማዕበል መርከብ የሚያሰጥም ነገር ስለሆነ እኔ «ሞገድ» ማለቱ ይሻለኛል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በአሜሪካ የመጀመሪያው ሞገድ መነሻ ተደርጎ የሚወሰደው በ1848 በኒውዮርክ ግዛት፣ ሴኔካ ፎልስ ላይ የተካሄደው ጉባኤ ነው። 68 ሴቶችና 32 ወንዶች የፈረሙበት የጉባኤው መግለጫ፣ የአገሪቱን የነጻነት አዋጅ አነጋገር ተከትሎ፣ ወንዶችና ሴቶች ሁሉ እኩል ሆነው መፈጠራቸውን ያውጃል። ከ72 ዓመት በኋላ፣ በ1920፣ 19ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ሲጸድቅ ትግሉ ግቡን መታ ተባለ። ሆኖም በደቡብ ግዛቶች ይኖሩ የነበሩ ጥቁር ሴቶች በንባብ ፈተና፣ በምርጫ ግብርና በማስፈራሪያ እየታገዱ፣ አብዛኞቹ እስከ 1965ቱ የምርጫ መብት ሕግ ድረስ ድምፅ መስጠት አልቻሉም። እኔ ግን በሠንጠረዤ ላይ 1920ን ጽፌ፣ ከሥሩ አስምሬበት አልፌ ነበር።

ሁለተኛው ሞገድ ከምርጫ ሳጥኑ ወደ ቤት፣ ወደ መሥሪያ ቤትና ወደ አካል ዞረ። የ1963ቱ የእኩል ክፍያ ሕግ፣ በ1972 በትምህርት ተቋማት የጾታ መድልዎን የከለከለው ሕግ፣ እንዲሁም ባንኮች ለሴት ብድር ሲሰጡ በጾታዋና በትዳር ሁኔታዋ እንዳያበላልጧት ያገደው የ1974ቱ ሕግ የዚያ ዘመን ፍሬዎች ናቸው። እነዚህን ማቃለል ውለታ ቢስነት ይመስለኛል። ይሁን እንጂ ሕጉ የሚጠብቃት «ሴት» ማን እንደሆነች አንድ የፍርድ ቤት መዝገብ ከየትኛውም መጽሐፍ ይልቅ አሳይቶኛል።

ኤማ ደግራፈንሪድና አራት ሌሎች ጥቁር ሴቶች የመኪና አምራቹን ጄኔራል ሞተርስን ይከሳሉ። በችሎቱ በቀረበው ማስረጃ መሠረት፣ ኩባንያው ከ1964 በፊት ጥቁር ሴቶችን አይቀጥርም ነበር። ኋላ የኢኮኖሚ መቀዛቀዝ ሲመጣ ሠራተኛ የተቀነሰው በአገልግሎት ዘመን ቅደም ተከተል ስለነበር፣ ዘግይተው የተቀጠሩት እነሱ ቀድመው ወጡ። ፍርድ ቤቱ በ1976 ምን አለ? ኩባንያው ሴቶችን ሲቀጥር ስለኖረ የጾታ መድልዎ የለም አለ፤ የተቀጠሩት ሴቶች ግን ነጮች ነበሩ። የዘር አቤቱታቸውን በተመለከተ ደግሞ በዚያው ኩባንያ ላይ ከተከፈተ ሌላ የዘር ክስ ጋር ቢያጣምሩት እንደሚሻል ጠቆማቸው። ሁለቱን አንድ ላይ አድርጎ፣ «ጥቁር ሴት በመሆናችን ተበደልን» ብሎ መክሰስ ግን አልተፈቀደላቸውም። አንደኛው በር ወደ ሁለተኛው ይመራል፣ ሁለተኛውም ወደ አንደኛው ይመልሳል፤ ባለጉዳዮቹ በመሃል ቀሩ።

የሕግ ምሁሯ ኪምበርሌ ክሬንሾው በ1989 ይህንኑ መዝገብ አንስታ፣ ነገሩን በመስቀለኛ መንገድ መሰለችው፦ መኪና ከየአቅጣጫው በሚመጣበት መጋጠሚያ ላይ የቆመ ሰው ሲገጭ፣ ጉዳቱ ከአንዱ መንገድ ወይም ከሌላው፣ አንዳንዴም ከሁለቱም የመጣ ሊሆን ይችላል። ሦስተኛው ሞገድ ዋና መሣሪያው ያደረገው ይህን ሐሳብ ነው።

«ሦስተኛው ሞገድ» የሚለው ስም የወጣው ግን በቁጣ ነው። በጥቅምት 1991 የሕግ መምህርቷ አኒታ ሂል፣ ለጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኝነት የታጩት ክላረንስ ቶማስ አለቃዋ በነበሩ ጊዜ በጾታዊ ትንኮሳ እንዳስቸገሯት በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት (ሴኔት) ኮሚቴ ፊት መሰከረች። አብረው ከሠሩባቸው መሥሪያ ቤቶች አንዱ በሥራ ቦታ የእኩልነት መብትን ለማስከበር የተቋቋመው ራሱ ነበር። በቴሌቪዥን እየታዩ የጠየቋት 14 የኮሚቴ አባላት ሁሉም ነጭ ወንዶች ናቸው። ቶማስ ክሱን ክደው በ52 ለ48 ድምፅ ተሾሙ። የ22 ዓመቷ ሬቤካ ዎከር በ1992 መጀመሪያ ላይ ባወጣችው ጽሑፍ «ሦስተኛው ሞገድ እኔ ነኝ» ስትል፣ ፌሚኒዝም ሥራውን ጨርሷል ለሚሉት መልስ መስጠቷ ነበር። ጽሑፏ የታተመው የሁለተኛው ሞገድ ሴቶች ባቋቋሙት ሚዝ መጽሔት ላይ ነው፤ ልጅ በእናቶቿ ሳሎን ቆማ መናገሯ ነበር ማለት ይቻላል።

በእናትና በልጅ መካከል ጠብ አልጠፋም። በ1968 በአትላንቲክ ሲቲ የቁንጅና ውድድርን የተቃወሙ ሴቶች ባለ ተረከዝ ጫማና መኳኳያ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጥለው ነበር፤ የዘጠናዎቹ ወጣቶች ያንኑ ጫማ አድርገው፣ ያንኑ ከንፈር ቀለም ተቀብተው «ምርጫዬ ነው» አሉ፤ በእጅ የተጻፈና በፎቶ ኮፒ የተባዛ መጽሔታቸውንም በስቴፕለር አያይዘው በሙዚቃ ዝግጅቶች ላይ ያድሉ ነበር። እዚህ ላይ ልቤ ከእናቶቹ ጋር ነው። ሴት የመረጠችው ሁሉ ነጻነት ከተባለ፣ ምርጫውን ማን እንዳቀረበላት፣ አልፈልግም ብትል ምን እንደምታጣ የሚጠይቅ አይኖርም። ለጫማው ይህ ቀላል ነገር ሊሆን ይችላል፤ ለደመወዝና ለልጅ አስተዳደግ ግን አይደለም።

በመጋቢት 1913 በዋሽንግተን ለመምረጥ መብት ሰልፍ በወጣ ጊዜ፣ አዘጋጆቹ ጥቁር ሴቶች ከኋላ እንዲሰለፉ ጠየቁ። ጋዜጠኛዋ አይዳ ቢ. ዌልስ አልተስማማችም። ከተመልካቹ መሃል ቆማ ጠበቀችና የኢሊኖይ ልዑካን ሲደርሱ ገብታ ከነጭ ባልደረቦቿ ጎን ሄደች። ሠንጠረዡን ዛሬ ብሠራው ዓመቱ ከመጀመሪያው ዓምድ ሥር አስገባት ይለኛል፤ ጥያቄዋ ግን የሦስተኛው ነው።